ሜታሴኮያን ግቢ ውስጥ መትከል፦ ቦታና ውሃ ካገኘ ሌላው ቀላል ነው

ሜታሴኮያ የተከለ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ዛፌ ደረቀ እንዴ?» ይላል። ሲተክለው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚሆን የጥድ ዓይነት መስሎታል። ከዚያ ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉ መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ ቡናማ ይሆንና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እልም ብሎ ይረግፋል። የሚቀረው ግንድና ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ደርቋል ብለው በመጋዝ የጣሉት ሰዎች አሉ፤ ያሳዝናል። ዛፉ ግን አልደረቀም። ተፈጥሮው ነው።

ሜታሴኮያ፣ ሌላው ስሙ ዶውን ሬድዉድ፣ ከጥድ ወገን ነው። ቅጠሉ ቀጭን መርፌ ይመስላል፤ ፍሬው ቅርፊት በቅርፊት የተደራረበች ትንሽ ኮን ናት። ከብዙዎቹ የወገኑ ዛፎች የሚለየው ቅጠሉን በየዓመቱ ስለሚያራግፍ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ የጥድ ወገኖች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ ላርችና ረግረግ የሚወደው ባልድ ሳይፕረስ ከታወቁት መካከል ናቸው። የሜታሴኮያ የቅርብ ዘመዶች ግን ሌሎች ናቸው። የካሊፎርኒያዎቹ ሁለት ግዙፎች፣ ማለትም በቁመት ከዓለም ዛፎች ሁሉ የሚበልጠው የባሕር ዳርቻው ሬድዉድና በግንዱ ግዝፈት አቻ የሌለው ጃያንት ሴኮያ። ከሦስቱ በብርድ ወቅት የሚራቆተው ሜታሴኮያ ብቻ ነው።

ታሪኩን ትንሽ ላውራ። እንክብካቤው አብዛኛው ከዚያ ስለሚመዘዝ ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. በ1941 ሺገሩ ሚኪ የተባለ ጃፓናዊ የጥንት ዕፅዋት ተመራማሪ ቅሪተ አካሎችን ሲመረምር አንድ የማይገጥም ነገር አገኘ። እነዚያን ቅሪቶች ሌሎች ተመራማሪዎች አንዴ ከሴኮያ፣ አንዴ ከባልድ ሳይፕረስ ጋር ሲመድቧቸው ኖረዋል። ሚኪ ግን ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት መብቀላቸውን አስተዋለ። በሌሎቹ ዛፎች ቅጠሉ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ እየተፈራረቀ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ራሱን የቻለ ወገን ነው ብሎ ሜታሴኮያ የሚል ስም አወጣለት። ያን ጊዜ ለሳይንሱ ዓለም ይህ ከምድር ላይ ከጠፋ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ዛፍ ነበር።

ዛፉ ግን አልጠፋም። በመካከለኛው ቻይና፣ ዛሬ በሁቤይ ግዛት ሊቹዋን በሚባለው አካባቢ፣ ሞዳዎ በምትባል መንደር አንድ ትልቅ ዛፍ ቆሞ ነበር፤ ሥሩም ትንሽ የጸሎት ቤት ነበረች። የአካባቢው ገበሬዎች ዛፉን ከዱሮም ያውቁታል። በ1943 ዋንግ ዣን የተባለ የደን ባለሙያ ናሙና ወሰደ። ናሙናው ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ ዠንግ ዋንጁንና ሁ ሲየንሱ የተባሉ የዕፅዋት ተመራማሪዎች እጅ ሲገባ ሁ ሲየንሱ ከሚኪ ጽሑፍ ጋር አገናኘው። ሁለቱ በ1948 ዛፉን በይፋ በሳይንሳዊ ስሙ አስመዘገቡ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው አርኖልድ አርቦሬተም ከቻይና የመጣውን ዘር ተቀብሎ ወደ ብዙ አገር የዕፅዋት ማዕከላት በተነው። በየአገሩ ፓርኮች የምናያቸው ትልልቅ ሜታሴኮያዎች ብዙዎቹ የዚያ ዘር ልጆች ናቸው። በዛፍ ዕድሜ ገና ጎረምሶች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ለአትክልተኛ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። ሜታሴኮያ ዱር ውስጥ የተገኘው ከባሕር ጠለል በላይ በግምት ከ750 እስከ 1500 ሜትር ባለ ከፍታ፣ ሸለቆ ውስጥና ወንዝ ዳር ነው። አፈሩ ጥልቅ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ኖራ አይበዛበትም። ይህን ከያዛችሁ ዛፉ ምን እንደሚወድ ለመገመት መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም።

ቅጠል መጣሉን በተመለከተም ቅሪተ አካሉ የሚነግረን ነገር አለ። ከ45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ በረዷማ በሆነው የካናዳ አርክቲክ፣ አክስል ሃይበርግ በሚባለው ደሴት፣ የሜታሴኮያ ደን ነበር። እንጨቱ ወደ ድንጋይ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ እዚያ ይገኛል፤ ያን ጊዜ አካባቢው ሞቃት ነበር። ሙቀት ቢኖርም ግን ወራት የሚዘልቅ ጨለማ ነበረ። ብርሃን በሌለበት ቅጠል ተሸክሞ መቆየት ስለማያዋጣ ዛፉ ማራገፍ ለመደ ሲባል ቆይቷል። ቅጠልን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ማብቀል ራሱ ከባድ ወጪ ስለሆነ ግን ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።

አሁን ወደ ግቢያችን። እኔ እንደማየው በዚህ ዛፍ ላይ የሚደርሰው ጣጣ አብዛኛው የሚወሰነው በተተከለበት ቀን ነው። ችግኙ ሲገዛ ከወገብ አይበልጥም። ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ አረንጓዴው ብሩህ ነው፣ ልብ ይሰርቃል። ስለዚህ ሰው ከበረንዳው አጠገብ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ጥግ ይተክለዋል። ከዚያ ዛፉ ይመዘዛል። ከተመቸው በልጅነቱ በዓመት ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያድጋል። ግቢና ፓርክ ውስጥ የተተከለ ሜታሴኮያ ከ20 እስከ 30 ሜትር መድረስ ብርቁ አይደለም፤ 30 ሜትር ማለት ደግሞ አሥር ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። በትውልድ ቦታው ወደ 50 ሜትር የሚጠጋ አለ። ወደ ጎን ግን ቁጥብ ነው። እንደ ሾጣጣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የቅርንጫፎቹ ስፋት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሜትር ነው።

ስለዚህ ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 8 ሜትር አርቁት፤ ከተቻለ ከ10 በላይ። በላዩ የመብራት ሽቦ የሚያልፍበትን ቦታ ጨርሶ እርሱት፣ ምክንያቱም ጫፉን እየቆረጡ ማኖር ለዚህ ዛፍ ቅጣት ነው። ሥሩ ወደ ላይ ቀረብ ብሎ በስፋት የሚሄድ በመሆኑ ከአስፋልት መግቢያ፣ ከእግረኛ ንጣፍና ከፍሳሽ ቱቦም መራቅ አለበት። በተለይ ውሃ የሚያንጠባጥብ አሮጌ ቱቦ ካለ ሥሩ ፈልጎ ያገኘዋል። የጎረቤትንም ነገር አስቡ። ጥላው ከሰዓት በኋላ የሚያርፈው ጎረቤት የአትክልት መደብ ላይ ከሆነ ዛሬ ባይሆን ከ15 ዓመት በኋላ ጭቅጭቅ መምጣቱ አይቀርም።

ሰው ብዙ የማያስበው ሌላው ነገር የግንዱ ውፍረት ነው። የሜታሴኮያ ግንድ ወደ መሬት ሲቀርብ በጣም ይሰፋል፤ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ዙሪያውን ጎድጎድና ጎበጥ እያለ ይሸነሸናል። እያንዳንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ሥር እንደ ብብት ያለ ጉድጓድ ይፈጠራል። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን በረጃጅሙ እየተላጠ ይወርዳል። እኔ ከዚህ ዛፍ አብልጬ የምወደው ቅጠል አልባ ሆኖ ግንዱ የሚታይበትን ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አረንጓዴውን እያሰበ ነው የሚገዛው። ይህ የግንድ ውበት ሙሉ ሆኖ የሚወጣው የታችኞቹ ቅርንጫፎች ቶሎ ካልተቆረጡ ነው። ሥሩ ለመቀመጥ ወይም ሣር ለማጨድ እንዲመች ብለው ገና በልጅነቱ ከታች የሚያራቁቱት ሰዎች ቀጥ ያለ ተራ ግንድ ያገኛሉ። ምርጫው የእናንተ ነው። ቦታ ካላችሁ ግን ቅርንጫፉ እስከ መሬት እንዲወርድ ተዉት።

ፀሐይ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ግን ያስፈልገዋል። ጥላ ውስጥ የተተከለ ሜታሴኮያ ይሳሳል፣ ወደ ብርሃኑ ያዘነብላል፣ የታች ቅርንጫፎቹ ይሞታሉ።

ወደ አፈሩ ስንመጣ፣ ጥልቅ፣ ብስባሽ ያለበትና ትንሽ አሲዳማ የሆነ አፈር ተመራጭ ነው። ሸክላ አፈርንም ይችላል። እንዲያውም ሌሎች ዛፎች የሚታፈኑበትን፣ ከዝናብ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ይታገሳል። ኩሬ ዳር ወይም የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት ዝቅ ያለ ሥፍራ ካላችሁ ለእሱ የሚሆን ቦታ ነው። ዓመት እስከ ዓመት ውሃ ውስጥ መቆም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን የሚችለው ባልድ ሳይፕረስ ነው። ሜታሴኮያን የሚያስቸግረው ኖራ የበዛበት አፈር ነው። እንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ቢኖርም ሥሩ መሳብ ስለሚያቅተው አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ቢጫውን አይቶ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ግን ለውጥ አያይም። የአፈሩን ፒኤች፣ ማለትም የአሲዳማነቱን ልክ፣ ማስለካት ይቀድማል። ከ7 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ7.5 በላይ ከሆነ ደግሞ በእውነት ሌላ ዛፍ ብትመርጡ ይሻላል፤ የአንድን ትልቅ ዛፍ አፈር ዕድሜ ልክ እያሻሻሉ መኖር አይቻልም።

አተካከሉ ራሱ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ብዙ ሰው ያበላሻል። ጥልቀቱ። ጉድጓዱ ከችግኙ የሥር እብጠት (ሥሩ ከያዘው አፈር ጋር ማለት ነው) ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሰፊ ይሁን፤ ጥልቀቱ ግን ከእብጠቱ ቁመት አይብለጥ። ግንዱ ወደ ሥር መስፋት የሚጀምርበት ቦታ ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ከተቀበረ ዛፉ ወዲያው አይሞትም፤ ለዓመታት እየተንከራተተ ይቆያል፣ ለምን እንደሆነም ማንም አይገባውም። ችግኙ በፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ ብዙ የቆየ ከሆነ ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ። አትሳሱለት። የተጠመጠመውን በእጅ ፈታታችሁ ዘርጉ፣ አልፈታ ያለውን በስለት ቁረጡ። እንደተጠመጠመ ከተተከለ ሥሩ እየወፈረ ሲሄድ ግንዱን ሊያንቀው ይችላል። ጉድጓዱን የምትሞሉት በራሱ አፈር ነው። የተገዛ ለም አፈር ብቻ ከሞላችሁበት ሥሩ ጉድጓዱ ውስጥ ተመችቶት ከዚያ መውጣት ይሰንፋል።

የሚተከልበት ጊዜ ቅጠል ከረገፈ በኋላ መሬቱ በረዶ ከመሆኑ በፊት፣ ወይም ብርዱ አልፎ እምቡጡ ከመፈንዳቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። በማሰሮ ያደገ ችግኝ በሌላም ጊዜ ሊተከል ይችላል፤ በሐሩር ወቅት ከሆነ ግን ውሃ ለማጠጣት ቃል ገብታችሁ መሆን አለበት።

ውሃ ነው ዋናው ነገር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ዛፉ ሥሩን እየዘረጋ ስለሆነ አይጠማ። ዝናብ ከሌለ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በደንብ ጠልቆ የሚገባ ውሃ ስጡት። ሰው ቁመት ላለው ችግኝ በአንድ ጊዜ ከ20 ሊትር ያላነሰ፣ ቀስ ብሎ እየሰረገ የሚገባ መሆን አለበት። በየቀኑ ላዩን እርጥብ ማድረግ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ስትረሱት ይቃጠላል። ውሃ ይፈልግ አይፈልግ ካላወቃችሁ አፈሩን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፈር አድርጋችሁ በጣት ንኩት። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት።

ሲጠማ ምልክቱ ግልጽ ነው። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ሙሉው ቅጠል ይደርቅና ገና በሞቃቱ ወቅት መርገፍ ይጀምራል። እዚህ ላይ ጊዜውን ማየት ነው። ብርድ ሲመጣ ቢረግፍ ልማዱ ነው፤ በሙቀት መሃል ቢረግፍ ግን ጥማት ነው። ቶሎ ከተደረሰለት አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል፤ በዚያው ወቅት አዲስ ቅጠል የሚያወጣም አለ። ቅርንጫፉ ሞቷል ወይስ አለ የሚለውን ለማወቅ ቅርፊቱን በጥፍር ትንሽ ፋቅ አድርጉ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ አለ። ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ መጠነኛ ድርቅ ይችላል፤ ከባድ ድርቅ ሲመጣ ግን ትልቁም ዛፍ ውሃ ቢያገኝ አይጠላም።

ጉዝጓዝ ይህን ሥራ በግማሽ ያቀልላችኋል። የተከተፈ እንጨት፣ ቅርፊት ወይም የደረቀ ቅጠል ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ በዛፉ ዙሪያ አንጥፉ፤ በሰፋ ቁጥር ጥሩ ነው። ግንዱን ግን አያስነኩት፤ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ይበል። ጉዝጓዙን ግንዱ ላይ እንደ ተራራ መከመር በየቦታው የማየው ነገር ነው፣ ለምን እንደተወደደ ግን አይገባኝም። እርጥበቱ ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል፣ አይጥም ይደበቅበታል። ጉዝጓዙ ሣሩን ስለሚያርቀው ሌላም ጥቅም አለው። የሣር ማጨጃ ማሽን ግንድ መግጨቱ ለወጣት ዛፍ ከተባይ የባሰ ጠላት ነው።

ማዳበሪያ ላይ ብዙ አልናገርም። አፈሩ ደህና ከሆነ አያስፈልገውም። እድገቱ ከቀነሰ እምቡጡ ሊፈነዳ ሲል ብስባሽ ወይም ቀስ ብሎ የሚሟሟ ማዳበሪያ ትንሽ መስጠት ይበቃል። ሞቃቱ ወቅት ሊያልቅ ሲል ግን አትስጡ። ያኔ የሚወጣው ለጋ ቡቃያ ሳይጠነክር ብርዱ ይደርስበታል።

ስለ ብርድ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል። ቅጠሉን አራግፎ በተኛበት ጊዜ ዛፉ ጠንካራ ነው፤ ከዜሮ በታች 25 እና 30 ዲግሪ የሚደርስ ቅዝቃዜ ይችላል። ደካማ የሚሆነው ሲነቃ ነው። እምቡጡ ቶሎ ይፈነዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የሌሊት ውርጭ ለጋውን ቅጠል አጥቁሮ ያድራል። ያስደነግጣል፣ ግን ከሳምንታት በኋላ ሌላ ያወጣል። ውርጭ የሚደጋገምበት አካባቢ ከሆናችሁ ቀዝቃዛ አየር የሚጠራቀምበትን ጎድጓዳ ቦታ አትምረጡ። ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና ደረቅ የሆነ ቦታ ደግሞ ለዚህ ዛፍ አይሆንም።

መግረዝ የሚባለውን ሥራ ይህ ዛፍ ብዙም አይጠይቃችሁም። ቅርጹን ራሱ ያበጃል። ብቸኛው መከታተል ያለባችሁ ዋናው ጫፍ አንድ ብቻ መሆኑን ነው። ውርጭ ወይም ነፋስ ጫፉን ከሰበረው ሁለት ቅርንጫፎች ተፎካክረው ወደ ላይ ይወጣሉ። ጠንካራውንና ቀጥ ያለውን ምረጡና ሌላውን በጊዜ ቁረጡት፤ እንጨቱ ተሰባሪ ስለሆነ ሁለት ራስ ያለው ዛፍ ሲያድግ በነፋስ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሞተ ወይም የተሰበረ ቅርንጫፍ ቅጠል በሌለበት ወቅት ይቆረጣል፤ ያኔ ሁሉም ነገር ስለሚታይ ሥራው ይቀላል። ረዘመብኝ ብሎ ከላይ መጨፍጨፍ ግን አይሠራም። የተጨፈጨፈው ጫፍ ብዙ ደካማ ቡቃያ ያወጣል፣ መልኩም ተመልሶ አይስተካከልም።

ከተባይ በኩል ዕድለኛ ነው። በደረቅና ሞቃት ጊዜ ቀይ ሸረሪት የሚባለው በዓይን በጭንቅ የሚታይ ተባይ ቅጠሉን ያገረጣዋል፤ ጠንከር ባለ ውሃ ማጠብና ዛፉን ማጠጣት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። የጃፓን ጢንዚዛ ባለበት አካባቢ ቅጠሉን ሊበላው ይችላል። በጥማት የተጎዳ ዛፍ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ ይገባል፤ የደረቀውን ጤነኛው ክፍል ድረስ ቆርጦ ማስወገድ ነው። እንደምታዩት እዚህም መነሻው ውሃ ማጣት ነው።

ስትገዙ አንድ ነገር አረጋግጡ። ሜታሴኮያና ባልድ ሳይፕረስ በችግኝነታቸው በጣም ስለሚመሳሰሉ ሻጮችም ይደባልቋቸዋል። መለያው ሚኪ ቅሪተ አካሉ ላይ ያየው ያው ምልክት ነው። ትንሿን ቅርንጫፍ ያዙና ቅጠሎቹን እዩ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከሆኑ ሜታሴኮያ ነው፤ ከተፈራረቁ ባልድ ሳይፕረስ ነው።

ግቢያችሁ ትንሽ ከሆነም መንገድ አለ፣ ግን ተጠንቀቁ። ጎልድ ረሽ የሚባለው ቅጠሉ ወርቃማ የሆነ ዝርያ በጣም ያምራል፣ ብዙ ቦታም ይሸጣል፤ ነገር ግን እሱም ትልቅ ዛፍ ነው የሚሆነው። እውነተኛ አጫጭሮቹ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ሚስ ግሬስና ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድገው ኖርዝ ላይት ናቸው። በቦንሳይ፣ ማለትም ማሰሮ ውስጥ አሳንሰው፣ የሚያሳድጉትም ብዙ ናቸው፤ ግንዱ ቶሎ ስለሚወፍርና በብርድ ወቅት ሲራቆት ቅርጹ ስለሚታይ ይመቻል። ማሰሮ ውስጥ ያለ ሜታሴኮያ ግን ውሃ ይጨርሳል። በሞቃት ቀን ጠዋትና ማታ ማጠጣት የማትችሉ ከሆነ አትጀምሩት።

ቦታ የተረፈው ሰው ደግሞ ሦስት አራት አድርጎ በቡድን ቢተክለው ከአንዱ የበለጠ ያምራል። በመስመር የተተከለም ግርማ አለው። ቻይና ውስጥ በጂያንግሱ ግዛት በምትገኘው ፒዦ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ መንገድ ግራና ቀኝ የተተከሉት ሜታሴኮያዎች በአሥር ኪሎ ሜትሮች ይዘልቃሉ። የሚገርመው ዱር ውስጥ የቀረው ጥቂት ሺህ ብቻ መሆኑ ነው። ሸለቆው ለእርሻ ስለዋለ ዘሩ ወድቆ የሚበቅልበት መሬት አላገኘም፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ራሳችሁ ማራባት ከፈለጋችሁ ሁለት መንገድ አለ። ዘር አንዱ ነው። ዘሩ ጥቃቅንና ክንፍ ያለው ነው፤ እርጥብ በሆነ ስስ አፈር ላይ በትኖ በጣም ስስ አድርጎ መሸፈን ይበቃል። ችግሩ ብቻውን ከቆመ ዛፍ የተለቀመ ዘር ብዙው ባዶ መሆኑ ነው። ዛፉ ራሱን በራሱ ሲያዳቅል ጤነኛ ዘር አይይዝም። ስለዚህ ብዙ ዛፍ አብሮ ካለበት ቦታ ልቀሙ።

እኔ ቁራጭን እመርጣለሁ። በሞቃቱ ወቅት የዚያ ዓመት እድገት የሆነውን፣ ከታቹ መጠንከር የጀመረውን ለጋ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ከወጣት ዛፍ የተወሰደ በቀላሉ ሥር ይሰዳል፤ ከሽማግሌ ዛፍ የተወሰደ ያስቸግራል። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አንሱ፣ ጫፉን ሥር የሚያስወጣ ዱቄት ንከሩት፣ አሸዋ የተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ትከሉትና በላስቲክ ሸፍናችሁ ከቀጥታ ፀሐይ አርቁት። ሥር መስደዱን ለማወቅ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉ፤ እምቢ ካለ ይዟል። የመጀመሪያውን ብርድ ማሰሮው ውስጥ እንዳለ፣ ውርጭ በማይመታው ቦታ ያሳልፍ። ያን ጊዜ እሱም ቅጠሉን ያራግፋል፤ አፈሩን ትንሽ እርጥብ እያደረጋችሁ ጠብቁት እንጂ አትጣሉት።